የነዳጅ ቧንቧ ቆጣሪ ካሊብሬሽን፦ ቆጣሪውን ከመንካታችሁ በፊት

በቀን 100,000 በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ በሚያልፍበት ቧንቧ ላይ ቆጣሪው 0.1 በመቶ ቢስት ልዩነቱ 100 በርሜል ነው። የአንድ ቀን ብቻ። በወር 3,000 በርሜል ይሆናል። ከሻጭና ከገዢ አንዱ ሳያውቀው ይከፍላል፣ ሌላው ሳያውቀው ይቀበላል። ርክክብ በሚደረግባቸው ቦታዎች ያሉ ቆጣሪዎች በየጊዜው የሚፈተሹት ለዚህ ነው።

ውጤቱ አልገጥም ሲል ሁሉም ጣቱን ቆጣሪው ላይ ይቀስራል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ሌላ ነው። የሚዋሽ ቴርሞሜትር፣ በደንብ ያልተዘጋ ቫልቭ፣ ያልወጣ አየር። ስለዚህ ይህ መመሪያ ቆጣሪው ጋ ከመድረሱ በፊት ዙሪያውን ይዞራል። ትንሽ ታገሡ።

ፈተናው ምንድን ነው?

ቆጣሪውን ነቅሎ ላቦራቶሪ መላክ ለትልቅ ቧንቧ ብዙም አያዋጣም። የቆጣሪ ጠባይ እንደሚያልፍበት ፈሳሽ፣ እንደ ፍጥነቱና እንደ ሙቀቱ ይለያያል። በውሃ ተፈትኖ አንደኛ የወጣ ተርባይን ቆጣሪ (ፈሳሹ በሚያሽከረክረው መዘውር የሚቆጥረው) ወፍራም ድፍድፍ ሲገባበት ሌላ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ፈተናው እዚያው፣ በራሱ ነዳጅ፣ በሥራ ፍጥነቱ ላይ ይደረጋል።

መፈተኛው ፕሩቨር ይባላል። ፕሩቨር ይዘቱ በጥንቃቄ ተለክቶ የታወቀ ቧንቧ ነው። ውስጡ አንድ ኳስ አለ። ነዳጁ ኳሱን ይገፋዋል። ኳሱ የመጀመሪያውን ስዊች ሲነካ የቆጣሪው ፐልስ (ነዳጅ ሲያልፍ ቆጣሪው የሚልከው የኤሌክትሪክ ምት) መቆጠር ይጀምራል፣ ሁለተኛውን ሲነካ ይቆማል። በሁለቱ ስዊቾች መካከል ያለው መጠን ይታወቃል። ቆጣሪውስ ስንት አለ? ጥያቄው ይኸው ነው። በብዙ ቦታ የምታገኙት ባለሁለት አቅጣጫ ፕሩቨር ነው። አራት መንገድ ያለው ቫልቭ አቅጣጫውን ይቀይርና ኳሱ ሄዶ ይመለሳል። መሄጃውና መመለሻው ተደምሮ አንድ ዙር ይባላል።

ከዚህ የሚወጣው ቁጥር ሜትር ፋክተር ነው፤ የፕሩቨሩ መጠን ለቆጣሪው ንባብ ተካፍሎ ይገኛል፣ የቆጣሪው ንባብም ይባዛበታል። 1.0000 ከሆነ ቆጣሪው ልክ ነው። ከ1 ካነሰ ቆጣሪው አብዝቶ ቆጥሯል፣ ከበለጠ አሳንሶ ቆጥሯል።

1. ወረቀቱን አስቀድሙ

የፕሩቨሩን የምስክር ወረቀት አውጡና ቀኑን እዩ። ቋሚ ፕሩቨር በውሃ ተፈትሾ ይዘቱ የሚረጋገጠው ብዙውን ጊዜ ቢበዛ በ5 ዓመት አንዴ ነው። በተሽከርካሪ የሚጎተተው ደግሞ ቢበዛ በ3 ዓመት። በመካከሉ ስዊች ከተቀየረ ወይም የውስጡ ቀለም ከተላጠ ወረቀቱ ዋጋ የለውም፣ እንደገና ይለካል።

የቴርሞሜትሩና የግፊት ጌጁም ወረቀት ያስፈልጋል። ሰንሰለቱ ከአገሩ ብሔራዊ የልኬት ተቋም ጋር መያያዝ አለበት። ለእኛ አገር ይህ የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ነው። ያለፉትን ፈተናዎች ውጤትም አጠገባችሁ አድርጉ፣ በኋላ ታመሳክሩበታላችሁ።

ዓለም አቀፉ የሥራ መጽሐፍ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ ማለትም የኤፒአይ፣ የልኬት መመሪያ ነው። ምዕራፍ 4 ስለ ፕሩቨር፣ ምዕራፍ 5 ስለ ቆጣሪዎች፣ ምዕራፍ 11 ስለ ማስተካከያ ሠንጠረዦች፣ ምዕራፍ 12 ስለ ስሌቱ ያወራል። የሕጋዊ ልኬት ድርጅቱ ኦአይኤምኤል ደግሞ በምክረ ሐሳብ ቁጥር 117 ላይ የቧንቧ መስመር ልኬትን በ0.3 የትክክለኛነት ክፍል ያስቀምጣል፤ የሚፈቀደው ስህተት እስከ 0.3 በመቶ ነው ማለት ነው። የመኪና ነዳጅ መቅጃ 0.5 ክፍል ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በሻጭና በገዢ መካከል ያለው ውል ይገዛል። አንብቡት።

2. ደህንነት

የሥራ ፈቃድ፣ የጋዝ መፈተሻ፣ የኤሌክትሪክ መሬት ግንኙነት። ድፍድፉ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ካለው የግል ጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሳትይዙ አትግቡ። የኳሱ መግቢያ በር ደግሞ ግፊቱ ሙሉ በሙሉ መውጣቱ በሁለት መንገድ ሳይረጋገጥ አይነካም። እዚህ ላይ "ግዴለም" የሚባል ነገር የለም።

3. ቴርሞሜትሩን ፈትኑት

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ክፍል ብቻ ታነባላችሁ ብባል ይህን አንብቡ እላለሁ።

ነዳጅ ሲሞቅ ይሰፋል። ድፍድፍ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.08 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ እንደ ዓይነቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ናፍጣም እዚያው አካባቢ ነው። ቤንዚን ወደ 0.12 ይጠጋል። አሁን ይህን አስቡ። አምስት ዙሮች እርስ በርስ ሊለያዩ የሚፈቀድላቸው 0.05 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ዲግሪ የሚዋሽ ቴርሞሜትር ብቻውን ከዚያ በላይ ያጠፋል። ይባስ ብሎ ስህተቱ በየዙሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ዙሮቹ ይስማማሉ። ቁጥሮቹ ያምራሉ፣ ውጤቱ ግን ስህተት ነው።

የሙቀቱ ጉዳይ ቧንቧ ለሌላት አገርም እንግዳ አይደለም። ከጅቡቲ በ35 ዲግሪ የተጫነ 45,000 ሊትር ናፍጣ ወደ 15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ወደ 750 ሊትር ገደማ ይጎድላል። ማንም አልቀዳም። ሹፌሩም አልሸጠም። መጠኑ በ20 ዲግሪ ቅዝቃዜ ተሰበሰበ እንጂ ክብደቱ ያው ነው። "ቦቴው አጎደለ" የሚባለው ጭቅጭቅ ሁሉ ከዚህ ይመጣል ባልልም፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ሙቀቱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከቆጣሪው አጠገብና ከፕሩቨሩ መግቢያና መውጫ ላይ ቋሚ የሙቀት መለኪያዎች አሉ። ከእያንዳንዳቸው ጎን ለመፈተኛ የተተወ የቴርሞሜትር ኪስ ይኖራል። ኪሱ ውስጥ ሙቀት አስተላላፊ ፈሳሽ ጨምሩ። ባዶ ኪስ የአየሩን ሙቀት ነው የሚነግራችሁ። የምስክር ወረቀት ያለውን ቴርሞሜትር እስከ ታች አስገቡና ንባቡ እስኪረጋ ጠብቁ። ከቋሚው ጋር አወዳድሩ። ከ0.2 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ ሥራውን አቁማችሁ መለኪያውን አስተካክሉ። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው መለኪያ ካለ ጥላ ሥሩለት።

ለግፊት ጌጁም እንዲሁ አድርጉ፣ ግን ያን ያህል አትጨነቁ። የግማሽ ባር ስህተት ድፍድፍ ላይ የሚያመጣው 0.004 በመቶ ገደማ ነው።

4. ማጣሪያ፣ አየር፣ የኋላ ግፊት

ከቆጣሪው በፊት ያለው ማጣሪያ ከተደፈነ የግፊት ልዩነቱ ይጨምራል። ልዩነቱን አንብቡ፣ ካስፈለገ አጽዱ። ከማጣሪያው፣ ከቆጣሪውና ከፕሩቨሩ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ አየሩን አስወጡ። ቆጣሪ ለአየርና ለነዳጅ ልዩነት የለውም፤ ሁለቱንም ይቆጥራል።

ተርባይን ቆጣሪ ከኋላው በቂ ግፊት ከሌለው ነዳጁ ውስጡ ይተናል፣ አረፋ ይፈጠራል፣ ቁጥሩም ይበላሻል። የታወቀው ቀመር ይህ ነው፦ የኋላ ግፊት ከ(2 × በቆጣሪው ላይ የሚጠፋው ግፊት) + (1.25 × የነዳጁ የእንፋሎት ግፊት) ማነስ የለበትም።

5. ፕሩቨሩን ቀስ ብላችሁ ሙሉ፣ ከዚያ አሙቁት

የፕሩቨሩን መግቢያ ቫልቭ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። በችኮላ ከተከፈተ ባዶው ቧንቧ ሲሞላ ፍጥነቱ ይንርና ተርባይኑ ይጎዳል። ከሞላ በኋላ የቆጣሪው ፍሰት በሙሉ በፕሩቨሩ በኩል እንዲያልፍ አድርጉ። በሌላ ጎን የሚያመልጥ ጠብታ እንኳ መኖር የለበትም።

ፕሩቨሩ ብዙ ቶን ብረት ነው። ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት ከሚገባው ነዳጅ ጋር እስኪመጣጠን ጊዜ ይፈልጋል። ሳትቆጥሩ ኳሱን ደጋግማችሁ አመላልሱት። የቆጣሪውና የፕሩቨሩ ሙቀት ተቀራርቦ፣ የፕሩቨሩ መግቢያና መውጫም እኩል ሆኖ ሲረጋ ዝግጁ ናችሁ። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ቁጥር ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄደ ካስቸገራችሁ ገና አልሞቀም ማለት ነው።

6. ቫልቮቹ መዝጋታቸውን አረጋግጡ

ነዳጅ ኳሱን ሳይገፋ በጎን ካለፈ ቆጣሪው ይቆጥረዋል፣ ፕሩቨሩ ግን አያውቀውም። ሜትር ፋክተሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ ሻጩም ይከስራል። የሚያፈስባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ባለአራት መንገዱ ቫልቭ ነው። በሁለቱ ማሸጊያ ላስቲኮቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚያሳይ ጌጅ ወይም ማፍሰሻ አለው። ቫልቩ ተዘግቶ መካከሉ ከተነፈሰ በኋላ ግፊቱ ተመልሶ ከወጣ ያፈሳል። በእያንዳንዱ የኳስ ጉዞ ይህ መታየት አለበት። ሁለተኛው ፕሩቨሩን ከዋናው መስመር የሚለየው ቫልቭ ነው፤ እሱም በዚሁ መንገድ ይፈተሻል።

ሦስተኛው ኳሱ ራሱ ነው። ኳሱ በፈሳሽ ተነፍቶ ከቧንቧው የውስጥ ስፋት ከ2 እስከ 4 በመቶ እንዲበልጥ ይደረጋል። ከሳሳ በጎኑ ያሳልፋል። ከመጠን በላይ ከተነፋ እየተንገጫገጨ ይሄዳል፣ ቶሎም ያልቃል። አውጥታችሁ በቀለበት ለኩት፣ የተቆረጠ ወይም የተላጠ ቦታ ካለው ቀይሩት።

7. አሁን ሩጫው

ፍሰቱን በተለመደው የሥራ መጠን ላይ አርጉና እንዳይዋዥቅ ለቁጥጥር ክፍሉ ንገሩ። በፈተናው መሃል ፓምፕ የሚያስነሳ ሰው ካለ ድካማችሁ ገደል ገባ። ቆጣሪው በተለያየ ፍጥነት የሚሠራ ከሆነ በዝቅተኛ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ፍሰት ለየብቻ ፈትኑት።

በእያንዳንዱ ዙር ፐልሱን፣ የቆጣሪውን ሙቀትና ግፊት፣ የፕሩቨሩን ሙቀትና ግፊት፣ የፍሰቱን መጠን መዝግቡ። በዙሩ ቢያንስ 10,000 ፐልስ መገኘት አለበት። ፕሩቨሩ ትንሽ ከሆነና ይህ ካልተገኘ ፍሎው ኮምፒውተሩ (ፐልሱን ተቀብሎ መጠኑን የሚያሰላው መሣሪያ) የፐልስ ክፍልፋይ የሚቆጥርበት ዘዴ ሊኖረው ይገባል።

የተለመደው መስፈርት አምስት ተከታታይ ዙሮች በ0.05 በመቶ ውስጥ መግባታቸው ነው። ይህ በአማካዩ ላይ ±0.027 በመቶ የሚሆን ጥርጣሬ ይተዋል። ኤፒአይ ይህንኑ ጥርጣሬ በሌላ መንገድም እንድታገኙት ይፈቅዳል። ሦስት ዙር በ0.02 ውስጥ፣ ወይም አሥር ዙር በ0.12 ውስጥ ቢሆኑም ያው ነው። ለአልትራሶኒክ ቆጣሪ፣ በድምፅ ሞገድ ለሚለካው፣ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ፐልሱ በተፈጥሮው ትንሽ ይዋዥቃልና።

የማይፈቀደው ሃያ ዙር ሮጦ ደስ የሚሉትን አምስት መምረጥ ነው። ይህ ካሊብሬሽን አይደለም፣ ለቀማ ነው።

8. ስሌቱ

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የተዘጋጁ ናቸው።

የፕሩቨሩ ይዘት በ15 ዲግሪ 5.0000 ኪዩቢክ ሜትር ነው። ቆጣሪው ለአንድ ኪዩቢክ ሜትር 5,000 ፐልስ ይሰጣል። አምስቱ ዙሮች 25,018፣ 25,022፣ 25,025፣ 25,020 እና 25,015 ሰጡ። ትልቁ ከትንሹ በ10 ፐልስ ይበልጣል፦ 10 ÷ 25,015 = 0.04 በመቶ። አልፏል። አማካዩ 25,020 ነው። ለ5,000 ሲካፈል ቆጣሪው 5.0040 ኪዩቢክ ሜትር ብሏል።

የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ 5.0000 ÷ 5.0040 ብሎ 0.9992 ያወጣል። "ቆጣሪው በ0.08 በመቶ ያበዛል" ይላል። ቆይ።

ፕሩቨሩ 30.0 ዲግሪና 8 ባር ላይ ነው፣ ቆጣሪው 30.2 ዲግሪና 8.5 ባር ላይ። ሁለቱን ለማወዳደር መጠናቸውን ወደ 15 ዲግሪና ወደ ዜሮ ጌጅ ግፊት እንመልሳቸው። መጀመሪያ ብረቱን እናስተካክል። የካርቦን ብረት ይዘት በዲግሪ 0.0000335 ይሰፋል፣ በ15 ዲግሪ ልዩነት 1.00050 ይሆናል። ግፊቱም ቧንቧውን ይለጥጠዋል፤ ስፋቱ 400 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1.00015 ነው። ቀጥሎ ድፍድፉ። በዲግሪ 0.00085 ይሰፋል ብንል በፕሩቨሩ 0.98725፣ በቆጣሪው 0.98708 ይሆናል። በግፊት መታመቁ ደግሞ በፕሩቨሩ 1.00060፣ በቆጣሪው 1.00064።

የፕሩቨሩ መጠን፦ 5.0000 × 1.00050 × 1.00015 × 0.98725 × 1.00060 = 4.94242
የቆጣሪው መጠን፦ 5.0040 × 0.98708 × 1.00064 = 4.94251
ሜትር ፋክተር፦ 4.94242 ÷ 4.94251 = 0.99998፣ ሲጠጋጋ 1.0000

ቆጣሪው ንጹሕ ነው። ያ 0.08 በመቶ አብዛኛው የብረቱ መስፋት፣ ቀሪው ደግሞ የ0.2 ዲግሪ ልዩነት ነበር። በእውነተኛ ሥራ ላይ የድፍድፉን መስፋት በአንድ ቁጥር አታስሉም፤ እፍግታውን ለክታችሁ ከምዕራፍ 11 ሠንጠረዥ ወይም ከፍሎው ኮምፒውተሩ ታገኙታላችሁ። እፍግታው በስህተት ከገባ ሁሉም ይዛባል፣ ስለዚህ ያለፈው ጭነት ቁጥር ተረስቶ እንዳይሆን እዩ።

9. ውጤቱ ምን እያለ ነው?

አዲሱን ፋክተር ከድሮዎቹ ጋር በግራፍ አስቀምጡት። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። በአሜሪካ የባሕር ላይ ነዳጅ ደንብ የሽያጭ ቆጣሪዎች በየወሩ ይፈተሻሉ። ፋክተሩ ካለፈው በ0.0025 ከተለያየ እርምጃ ይጠይቃል፣ 0.0050 ካለፈ ቆጣሪው ከሥራ ይወጣል። የእናንተ ውል ከዚህ ሊጠብቅ ይችላል።

ዙሮቹ የማይስማሙ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ፦ አየር፣ የፍሰት መዋዠቅ፣ ቫልቭ፣ ኳስ፣ ስዊች፣ የፐልስ ገመድ። ቆጣሪው መጨረሻ ላይ ነው። ዙሮቹ ተስማምተው ፋክተሩ ዝቅ ካለ ፍሳሽን ጠርጥሩ። ከፍ ካለ ደግሞ የሚጠፋ ፐልስ ወይም የተበላ ቆጣሪ ሊሆን ይችላል።

የድፍድፉ ዓይነትም የራሱ ተንኮል አለው። ከደቡብ ሱዳን ወደ ፖርት ሱዳን የሚሄደው ዳር ብሌንድ ሰም የበዛበት ነው። እንዲህ ያለ ድፍድፍ ክፍል እየሞላ በሚቆጥረው ፒዲ ቆጣሪ ውስጥ ሲያልፍ ሰሙ ግድግዳው ላይ ይጋገራል። የክፍሉ ይዘት ይጠባል፣ ቆጣሪው ለዚያው መጠን ብዙ ይዞራል፣ ፋክተሩ ከወር ወር ይወርዳል። መፍትሔው ፋክተሩን መቀያየር ብቻ አይደለም፣ ሙቀቱን መጠበቅና ማጽዳት ነው። ኮሪዮሊስ ቆጣሪ (በሚንቀጠቀጥ ቱቦ የሚለካው) ላይ ደግሞ ከፈተናው በፊት ቫልቮቹን ዘግታችሁ፣ በፈሳሽ እንደተሞላ ዜሮውን እዩ። ዜሮውን ከነካችሁት አሮጌው ፋክተር አብቅቷል።

10. አስገቡ፣ አሽጉ፣ ፈርሙ

አዲሱን ፋክተር ፍሎው ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገቡ። አንድ ቦታ ብቻ! የፐልሱን ቁጥር አስተካክሎ ሜትር ፋክተሩንም መጨመር ሁለት ጊዜ ማስተካከል ነው፤ ይህ ስህተት ከምታስቡት በላይ የተለመደ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ዙር ሩጡና ውጤቱ 1.0000 አካባቢ መሆኑን እዩ። ማሸጊያውን እሰሩ፣ ቁጥሩን ጻፉ። ሻጭና ገዢ እዚያው ይፈርሙ፣ በማግሥቱ አይደለም።

ፕሩቨር ለሌላችሁ

ዴፖ ላይ ቦቴ የሚሞላ ቆጣሪ የሚፈተነው አንገቱ ቀጭን በሆነ መለኪያ ጋን ነው። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ሦስት ነገር ይጠብቃል። ጋኑን መጀመሪያ አንዴ ሞልታችሁ አፍስሱ፣ ደረቅ ጋን ግድግዳው ላይ የሚቀረውን አይቆጥርም። ስታፈስሱ ዋናው ፍሰት ካቆመ በኋላ ሁልጊዜ እኩል ጊዜ፣ ለምሳሌ 30 ሴኮንድ፣ ጠብቃችሁ ዝጉ። ጋኑ በውሃ ልክ ቀጥ ብሎ መቆሙን እዩ። ቤንዚን ከሆነ በጠዋት ሥሩት። እኩለ ቀን ላይ ከአንገቱ የሚተነው በቆጣሪው ላይ እንዳይላከክ።